ምጽዋቱ የማን ነው?

ለበጎ አድራጎት በቤት ስለሚጋገር ዳቦ የቀረበ አሳብ



በከተሞቻችን በሚገኙ አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ አንድ መልካም ልማድ ሥር ሲሰድ እናያለን። ሠራተኞች ተራ ገብተው በየቤታቸው ድፎ ዳቦ ይደፋሉ፣ ሕምባሻ ይጋግራሉ፣ ኬክ ወይም ዳቦ ቆሎ ያዘጋጃሉ፤ በማግሥቱም በሻይ ሰዓት ለባልደረቦቻቸው ቆርሰው ይሸጣሉ። የተገኘው ገንዘብ ለታመመ ሰው መታከሚያ፣ ወላጅ ለሌላቸው ልጆች መማሪያ፣ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን መርጃ ይሆናል። ይህ አሠራር በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር «ማክሚላን» የተባለው የካንሰር ሕሙማን መርጃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 የጀመረው የቡና ጠዋት እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይደረጋል፤ በዚያ ቀን ብዙዎች በቤታቸው የጋገሩትን ኬክ ወደ ሥራ ቦታቸው ወስደው ከቡና ጋር ያቀርባሉ፤ የሚሰበሰበውም ገንዘብ ለሕሙማን ይውላል።

ለእኛ ሕዝብ ግን የነገሩ መንፈስ እንግዳ አይደለም። በዕድር የተሳሰረ፣ ዝክር የሚዘክር፣ ጽዋ የሚጠጣ፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እያለ ያደገ ሕዝብ፣ ዳቦ ቆርሶ ችግርን መካፈል ምን እንደ ሆነ ከማንም መማር አያሻውም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ልማዱ መልካም ነው ወይስ አይደለም የሚል አይደለም። መልካም ነው። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ ይኸውም ያ ዳቦ ተሸጦ ገንዘቡ ለድኻ በደረሰ ጊዜ ምጽዋቱን የሰጠው ማን ነው? የሚል ነው። ጥያቄው ሲታይ ቀላል ይመስላል። እኛም እንደዚያ መስሎን ነበር።

አንድ የተደረገ ነገር

ከእኛ መካከል አንዱ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት የአንድ ባልደረባ ልጅ በጠና ታመመ። ሕክምናው ከአባቱ ደመወዝ በላይ ስለ ነበረ ሠራተኞቹ ተማክረው ለአንድ ወር በየሳምንቱ ዳቦ እየጋገሩ ለመሸጥ ወሰኑ። ተራዋ በደረሰ ጊዜ አንዲት እናት ሁለት ትልልቅ ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። በኮባ ተጠቅልሎ የተጋገረ፣ ጥቁር አዝሙዱ የሚሸት፣ ከላይ በመስቀል ምልክት የተጌጠ ዳቦ ነበር። ከሁሉም ቀን ይልቅ በዚያ ቀን ብዙ ገንዘብ ተገኘ። ሰው ሁሉ ሙያዋን አደነቀ፤ የሥራ ኃላፊውም በሠራተኞች ፊት አመሰገናት። እኛም ከበሉት፣ ከከፈሉትና ካጨበጨቡት መካከል ነበርን።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይህችው እናት በቁምስናችን በተደረገ የጸሎትና የውይይት ጉባኤ ላይ ተነሥታ አንድ ነገር ተናገረች። ዳቦውን የጋገረችው እርስዋ አልነበረችም። የጋገረችው በቤትዋ የምታገለግል፣ ዕድሜዋ ሃያ ያልሞላ ልጅ ነበረች። ልጅቱ በማታው ክፍለ ጊዜ ትማራለች። በዚያ ምሽት ግን ሊጡን ስታቦካ፣ ኩፍ እስኪል ስትጠብቅ፣ ኮባውን ስታሰናዳ፣ ከላይና ከታች እሳቱን ስትቈጣጠር ከትምህርትዋ ቀረች፤ የተኛችውም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። በማግሥቱ የነበራት ፈተና አመለጣት ወይም ተበላሸባት አይደለም የእናቲቱ ጸጸት። ጸጸትዋ ሌላ ነበር። ልጅቱ በዚያች ሌሊት «እትዬ፣ ይህ ሁሉ ዳቦ ለማን ነው?» ብላ ጠይቃት ነበር፤ እርስዋም በችኮላ «ለመሥሪያ ቤት ነው» ብላ መልሳላት ወደ መኝታዋ ሄደች። ከቀናት በኋላ የታመመው ልጅ ወሬ በቤት ውስጥ ሲነሣ ልጅቱ ነገሩን ሰማች። ከዚያም በዝግታ፣ «ለታመመ ልጅ መሆኑን ቢነግሩኝ ኖሮ በደስታ እጋግረው ነበር» አለች።

ይህ ቃል በጉባኤው ላይ ሲነገር ዝምታ ሆነ። ታሪኩን በዚህ መጽሔት ለማውጣት ስንነሣ በመጀመሪያ የጠየቅነው የእናቲቱን ፈቃድ ነበር፤ የልጅቱንም ፈቃድ መጠየቅ እንደሚገባን ትዝ ያለን ግን ዘግይቶ ነው። እንግዲህ ከምንወቅሰው ስሕተት እኛም ነጻ እንዳልሆንን አስቀድመን እንናዘዛለን። ሁለቱም ስማቸው ሳይጠቀስ እንዲጻፍ ፈቅደዋል።

የሚገዛ ሰው ሰጥቷልን?

ወደ ዋናው ጥያቄ ከመግባታችን በፊት ብዙ ጊዜ የሚነሣ አንድ ቅሬታ እንመልከት። አንዳንዶች፣ «ዳቦ የገዛ ሰው ምን ሰጠ? ገንዘቡን ከፍሎ ዳቦውን በላ፤ ይህ ንግድ እንጂ ምጽዋት አይደለም» ይላሉ። ደግሞም ጌታችን ምጽዋታችንን በሰው ፊት ከማሳየት እንድንጠበቅ፣ ቀኝ እጃችን የምታደርገውን ግራ እጃችን እንዳታውቅ ማስተማሩን (ማቴ. 6፥1-4) ያስታውሳሉ።

ይህ ቅሬታ ግማሽ እውነት አለው። አንድ ሰው ለቍራሹ የሚገባውን ዋጋ ብቻ ከፍሎ፣ ለታመመው ልጅም አንዳች ሳያስብ በልቶ ቢሄድ በርግጥ ገበያተኛ ነው። ዳሩ ግን ከዋጋው በላይ የሚከፍል፣ ወይም ሳይርበው ስለ ልጁ ብሎ የሚገዛ፣ ያም ባይሆን በልቡ ያንን ቤተ ሰብ እያሰበ የሚቆርስ ሰው፣ ስጦታው ከዳቦው ጋር ስለ ተቀላቀለ ስጦታነቱ አይጠፋም። ቅዱስ ቶማስ አኵይናስ ምጽዋት በምሕረት አማካይነት የሚፈጸም የፍቅር ሥራ መሆኑን ሲያስተምር መመዘኛውን በልብ ላይ ያኖራል። አብሮ በመብላት የሚገኘውም ደስታ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች በየቤታቸው እንጀራ እየቆረሱ በደስታና በቀና ልብ ይመገቡ እንደ ነበር በሐዋርያት ሥራ ተጽፏል (የሐዋ. 2፥46)። ሐዋርያው ጳውሎስም እግዚአብሔር የሚወደው በግድና በኀዘን ሳይሆን በደስታ የሚሰጠውን መሆኑን ለቆሮንቶስ ሰዎች አስተምሯል (2ኛ ቆሮ. 9፥7)።

ስለዚህ አደጋው ሰው ዳቦ እየበላ መስጠቱ አይደለም። አደጋው ከዚያ በፊት፣ ዳቦው ገና ሊጥ ሳለ ይጀምራል።

የአንድ ዳቦ ብዙ እጆች

በቤት ተጋግሮ በሥራ ቦታ የሚሸጥ ዳቦ የአንድ ሰው ስጦታ ሆኖ አያውቅም። ዱቄቱ ከቤት ወጪ ይገዛል፤ የቤት ወጪ ደግሞ የባልና የሚስት፣ አንዳንድ ጊዜም ከራሳቸው ቀንሰው የሚያሳድሩ የወላጆች ገንዘብ ነው። ድካሙን ያፈሰሰ እጅ አለ። ሰዓቱን የፈቀደ ቀጣሪ አለ። ሳህኑን የምታጥብ፣ ፍርፋሪውን የምትጠርግ የጽዳት ሠራተኛ አለች። በመጨረሻም የሚከፍለው ገዢ አለ። ምስጋናው ግን ብዙውን ጊዜ ዳቦውን ተሸክሞ በበሩ ለገባው ሰው ብቻ ይሆናል።

በዚህ ረገድ ፍትሕ የሚጠይቀው ሁሉም በእኩል ይመስገን ማለት አይደለም። ምስጋና ለሰው የሚከፋፈል ድርሻ አይደለም፤ ክርስቲያንም ለምስጋና ብሎ አይሠራም። ፍትሕ የሚጠይቀው ከዚያ የሚቀድም ነገር ነው፤ ይኸውም በዳቦው ውስጥ ያለው እጅ ሁሉ ወዶና አውቆ የገባ መሆኑን ነው። ሰው የራሱን ይሰጣል እንጂ የሌላውን ሊሰጥ አይችልም። ይኸው ቅዱስ ቶማስ በ«ሱማ ቴዎሎጂካ» ስለ ምጽዋት በጻፈው ክፍል፣ ለባለቤቱ መመለስ የሚገባው ነገር ለምጽዋት ሊውል እንደማይችል ያስተምራል። መጽሐፈ ሲራክም ከድኾች ተወስዶ ለእግዚአብሔር የሚቀርብን መሥዋዕት እጅግ በሚያስፈራ ንጽጽር ያወግዘዋል፤ ልጁን በአባቱ ፊት ከመግደል ጋር ያስተካክለዋል።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ምእመናን ሐዋርያዊ ሥራ ባወጣው ድንጋጌ (ቍጥር 8) ይህንኑ ለዘመናችን ሰዎች ግልጽ አድርጎታል። በድንጋጌው መሠረት በቅድሚያ የፍትሕ ግዴታ መፈጸም አለበት፤ በፍትሕ የሚገባውን ነገር እንደ ፍቅር ስጦታ አድርጎ ማቅረብ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ይህንን ትምህርት ስለ ድኾች ፍቅር በሚናገረው ክፍል ደግሞታል።

የቤት ሠራተኛዋን ነገር በዚህ ሚዛን እንመዝን። «ደመወዝዋ ይከፈላታል፤ እንግዲህ ድካምዋ ተገዝቷል፤ ምን ተበደለች?» የሚል ሰው ይኖራል። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ደመወዝ የሚገዛው ስምምነት የተደረገበትን ሥራ እንጂ የሰውን ሌሊት፣ የሰውን የትምህርት ሰዓትና የዕረፍት ጊዜ ሁሉ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 በጄኔቫ ያጸደቀው ስለ ቤት ሠራተኞች የሚደነግገው ስምምነት (ቍጥር 189) ለእነርሱ ቢያንስ በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንደሚገባ ይናገራል። ይህ ዓለም ዘግይቶ የደረሰበት ነገር ነው። እግዚአብሔር ግን ለሙሴ ሕጉን በሰጠ ጊዜ የሰንበት ዕረፍት ለቤቱ ጌታ ብቻ ሳይሆን ለወንድና ለሴት አገልጋዩም እንዲሆን አዝዞ ነበር (ዘዳ. 5፥14)።

ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ይልቅ የጠለቀ ነው። ለተጨማሪ ሰዓቱ ተገቢው ዋጋ ቢከፈላት እንኳ የቀረባት አንድ ነገር አለ። ያች ልጅ «ብትነግሩኝ ኖሮ» ያለችው ገንዘብ ፈልጋ አልነበረም። የቀረባት የመስጠት ዕድል ነበር። ሊጡን ስታቦካ የታመመውን ልጅ ብታስበው፣ እሳቱን ስታነድድ ብትጸልይለት፣ ያ ሌሊት የሥራ ሌሊት ብቻ ሳይሆን የፍቅር ሌሊት ይሆንላት ነበር። እኛ ድካምዋን ወሰድን፤ ከድካሙ ጋር የነበረውን ክብር ግን ለሌላ ሰው ሰጠነው። ከድኻ ላይ ገንዘብ መውሰድ ኃጢአት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ከድኻ ላይ ምጽዋቱን መውሰድ ግን ኃጢአት መሆኑን ስንቶቻችን አስበነዋል?

የሰራፕታዋ ሴት

በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ በቤት ስለ ተጋገረ ዳቦና ስለ ምጽዋት ከተጻፉት ሁሉ ይልቅ የሚታወቀው የሰራፕታዋ መበለት ታሪክ ነው (1ኛ ነገ. 17፥8-16)። በረኃብ ዘመን ነቢዩ ኤልያስ ወደ ከተማይቱ በር ሲደርስ እንጨት ስትለቅም ያገኛታል፤ ውኃና ቍራሽ እንጀራም ይለምናታል። እርስዋም በማድጋ ውስጥ ካለ አንድ እፍኝ ዱቄትና በማሰሮ ካለ ጥቂት ዘይት በቀር ሌላ እንደሌላት፣ ያንኑ ለራስዋና ለልጅዋ ጋግራ በልተው ሞታቸውን እንደሚጠብቁ ትነግረዋለች።

ይህንን ታሪክ ስንሰማ ብዙ ጊዜ የምናስተውለው ዱቄቱ አለማለቁን ነው። ነገር ግን ከተአምሩ በፊት የሆነውን ልብ እንበል። ነቢዩ ራስዋን ጠየቃት። እርስዋም ያለችበትን ሁኔታ ሳትደብቅ ተናገረች፤ እርሱም አልገሠጻትም። አትፍሪ አላት፤ ለምን እንደሚጠይቃትና እግዚአብሔር ምን ተስፋ እንደ ሰጠ ነገራት። ከዚያ በኋላ ሄዳ የጋገረችው አውቃና ወድዳ ነው። እፍኝ ዱቄት ብቻ የነበራት ድኻ፣ በነቢዩ ፊት የምትታዘዝ እጅ ብቻ ሳትሆን የምትሰጥ ሰው ነበረች። ስለዚህ ጌታችን በናዝሬት ምኵራብ ሲያስተምር ያነሣት እርስዋን ነው (ሉቃ. 4፥25-26)። በመቅደስ ሁለት ሳንቲም የጣለችውንም መበለት (ማር. 12፥41-44) የተመለከተው እንዲሁ ነበር፤ ሌሎች የሣጥኑን ድምር ሲያዩ እርሱ ከማን ኑሮ እንደ ወጣ አየ።

ከቅዱሳንም መካከል ለዚህ ጉዳይ ምሳሌ የምትሆን አንዲት ሴት አለች። ቅድስት ዚታ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጣልያን አገር፣ በሉካ ከተማ የኖረች የቤት ሠራተኛ ነበረች። በአሥራ ሁለት ዓመት ዕድሜዋ ወደ አንድ ሀብታም ቤተ ሰብ ገብታ፣ እ.ኤ.አ. በ1272 እስክታርፍ ድረስ በዚያው ቤት አገለገለች። በመጀመሪያ ንቀትና ድብደባ ደርሶባት እንደ ነበረ፣ ከራስዋ ድርሻ እየቀነሰችም ድኾችን ትመግብ እንደ ነበረ ይነገራል። ትውፊት እንደሚተርከው አንድ ቀን በጸሎት ላይ ቈይታ ዳቦ የምትጋግርበት ሰዓት አለፋት፤ ደንግጣ ወደ ቤት ስትሮጥ ግን ሊጡ ተድበልብሎ፣ ለምድጃው ተሰናድቶ አገኘችው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖከንቲዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1696 ቅድስናዋን አወጁ፤ እስከ ዛሬም የቤት ሠራተኞች ጠባቂ ትባላለች። የጌቶችዋን ስም ዛሬ የምናነሣው በእርስዋ ምክንያት ነው። ቤተ ክርስቲያን በዚህ የምታስተምረን፣ በወጥ ቤት ያለችው እጅ የሌላ ሰው ደግነት መሣሪያ ብቻ ሳትሆን ራስዋ የቅድስና መንገድ ያላት መሆንዋን ነው።

ወደ ዐረብ አገሮች ሄደው በሰው ቤት ስለሚያገለግሉ እኅቶቻችን ክፉ ወሬ በሰማን ቍጥር ልባችን ይደማል፤ በቤተ ክርስቲያንም እንጸልይላቸዋለን። ይህ ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ያንን ጸሎት አድርሰን ወደ ቤታችን ስንመለስ በር የምትከፍትልን ልጅ፣ የማን እኅት ናት?

በሻይ ጠረጴዛው ዙሪያ

ከወጥ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት እንለፍ፤ በዚያም ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠብቀናልና። ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ክርስቲያኖች አጥብቆ የገሠጸው አብረው በመብላታቸው አልነበረም፤ አንዱ ጠግቦ ሌላው ተርቦ በአንድ ስፍራ መገኘታቸው፣ በዚህም ምንም የሌላቸውን ማሳፈራቸው ነበር (1ኛ ቆሮ. 11፥20-22)። እስቲ የእኛን ጠረጴዛ እናስብ። ለአንድ ቍራሽ ዳቦ የሚጠየቀው ዋጋ ለኃላፊው ምንም አይደለም፤ ለጽዳት ሠራተኛዋና ለጥበቃው ግን ለምሳ ካሰቡት ገንዘብ ሊበልጥ ይችላል። እነርሱ ዳቦው ሲቆረስ በበሩ በኩል ያልፋሉ፤ ሲያልቅም ሳህኑን ያነሣሉ። ለሩቁ ሕመምተኛ በምንሰበስብበት ሰዓት የቅርቡን ሰው አሳፍረን እንዳንገኝ ያስፈራል።

በሌላ በኩል ደግሞ የማይገዛውን ሰው የሚያስጨንቅ ዓይን አለ። አለቃ ራሱ ዳቦ ይዞ ሲዞር፣ የከፋዮች ስም በዝርዝር ሲለጠፍ፣ «አንተስ?» እየተባለ በሰው ፊት ሲጠየቅ፣ ስጦታው ግብር ይሆናል። ያ ሰው ምናልባት በገጠር ያሉ ወላጆቹን ይጦር ይሆናል፤ ምናልባትም በስውር ከሁላችን ይልቅ የሚሰጥ እርሱ ይሆናል። በፍርሃት የተከፈለ ገንዘብ ለታመመው ልጅ መድኃኒት ይገዛል፤ ለከፋዩ ግን የፍቅር ሥራ አይሆንለትም። እዚህም ላይ እንደ ወጥ ቤቱ ሁሉ፣ ሳናውቀው ከባልንጀራችን ምጽዋቱን ወስደንበታል።

«ይህ ሁሉ ማጥበቅ አይደለምን?»

አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቋርጠን ይችል ይሆናል። «ልጁ ታሟል፤ መድኃኒቱ ዛሬ መገዛት አለበት። ማን ጋገረው፣ ማን ጠረገው እያላችሁ ስትመረምሩ በጎ ሥራውን ታቀዘቅዛላችሁ። ለታመመው ልጅ የእናንተ ምርመራ ምን ይጠቅመዋል?» ሊለን ይችላል።

ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የተራቈተና የተራበ ወንድም ፊት ቆሞ መልካም ቃል ብቻ መስጠት ከንቱ መሆኑን ቅዱስ ያዕቆብ አስተምሯል (ያዕ. 2፥15-16)። በዚያ መሥሪያ ቤት የተሰበሰበው ገንዘብ ለልጁ ሕክምና ውሏል፤ ለዚህም እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ከዳቦው በስተ ጀርባ ጥፋት ነበረበት ተብሎ ገንዘቡ ይመለስ፣ ሥራው ይቅር የሚል ሰው ካለ ከእኛ ጋር አይደለም። ፍጹም እስክንሆን ድረስ ብንጠብቅ ማንም ድኻ ከእጃችን አንዳች ባልተቀበለ ነበር።

ነገር ግን ያው ቅዱስ ያዕቆብ በዚያችው መልእክቱ፣ በሠራተኞች ላይ የተቀማ ደመወዝ እንደሚጮኽና ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ጽፏል (ያዕ. 5፥4)። ሁለቱን ቃሎች የጻፈው አንድ እጅ ነው፤ አንዱን ለመስማት ስንል ለሌላው ጆሮ መንፈግ አንችልም። ደግሞም የምንጠይቀው ነገር ዳቦውን አያዘገየውም። «ይህ ዳቦ ለታመመ ልጅ ነው፤ ትረጂናለሽን? ትምህርትሽ በሌለበት በየትኛው ምሽት ይመችሻል?» ለማለት ከደቂቃ የሚበልጥ ጊዜ አያስፈልግም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2005 በጻፉት «እግዚአብሔር ፍቅር ነው» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክት (ቍጥር 34)፣ ስጦታ ተቀባዩን እንዳያዋርደው ሰጪው ከስጦታው ጋር ራሱን መስጠት እንዳለበት አስተምረዋል። ይህ ከሆነ ደግሞ ራሳችንን የምንሰጠው ለሩቁ ተቀባይ ብቻ ሳይሆን፣ አብራን ሊጡን ለምታቦካውም ጭምር መሆን አለበት።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

በየቁምስናው ለምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ በተለይም በዐቢይ ጾም ወቅትና ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ባቋቋሙት፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በየዓመቱ በሚከበረው የድኾች ቀን አካባቢ ይህንን ጉዳይ ከምእመናን ጋር ብትወያዩበት መልካም ነው። ለመነሻ ያህል የሚከተሉትን አሳቦች እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፣ ዳቦውን ለመጋገር ቃል የገባ ሰው የሚችለውን ያህል በራሱ እጅ ይጋግር። ሙያ የሌለው እንጨቱን ይፍለጥ፣ ውኃውን ይቅዳ፣ ዱቄቱን ይንፋ፤ ወንድ በመሆኑም ከዚህ የሚቀር አይሁን። ሌላ ሰው የሚረዳ ከሆነ ደግሞ ለማንና ለምን እንደሚጋገር አስቀድሞ ይነገረው፤ እንቢ ለማለትም ነጻ ይሁን፤ ሰዓቱና ድካሙ ዋጋ የሚከፈልበት ከሆነ ይከፈለው።

ሁለተኛ፣ ዋጋ ቆርጦ ከመሸጥ ይልቅ ዳቦውን ለሁሉ አቅርቦ፣ የተከደነ ሙዳየ ምጽዋት በአጠገቡ ማኖር ይሻላል። የሚችል አብዝቶ ይጨምራል፤ የማይችልም ሳያፍር በልቶ ይሄዳል። የሣጥኑ ክዳን የብዙውንም የጥቂቱንም ሰጪ ምሥጢር ይጠብቃል።

ሦስተኛ፣ ቀኑ ሲመረጥ ባልደረቦቻችን ሁሉ ይታሰቡ። ዓርብ ጠዋት በሻይ ሰዓት በቅቤና በእንቍላል የተሠራ ኬክ ማቅረብ የሚጾሙትን ከማዕዱ ማግለል ነው፤ በረመዳንም ወር የሙስሊም ወንድሞቻችንን ጾም ማሰብ ይገባል። በጎ ሥራው የሁሉም እንዲሆን ማዕዱም የሁሉም ይሁን።

አራተኛ፣ የተሰበሰበው ገንዘብ ምን ያህል እንደ ሆነና የት እንደ ደረሰ ለሁሉም ይነገር። ሲነገርም ገዢዎቹ ብቻ ሳይሆኑ በወጥ ቤት የደከሙትም ይስሙ፤ በቤት ያሉትም በማዕድ ዙሪያ ይነገራቸው። የሰጠ ሰው ስጦታው መድረሱን ማወቁ ምስጋና ፍለጋ አይደለም።

በመጨረሻም እያንዳንዳችን በኅሊናችን እንዲህ እያልን እንጠይቅ። በቤቴ የሚያገለግለው ሰው በዚህ ሳምንት አርፏልን? ለሌሎች ደግ ሰው የተባልሁት በማን ሌሊት ነው?

ያች ልጅ

ያች እናት በጉባኤው ከተናገረች በኋላ ስለሆነው ጥቂት እንጨምር። ተራዋ እንደገና ሲደርስ ሁለቱ ልጅቱ ትምህርት በማይኖራት ምሽት አብረው ጋገሩ። እናቲቱ ለብዙ ዓመታት ሊጥ ነክታ ስለማታውቅ እሳቱን አበዛችና የአንዱ ዳቦ ግርጌ አረረ። ልጅቱ ግን በሊጡ መጨረሻ ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ አንዲት ዳቦ ለብቻዋ ጋግራ ነበር። «ይህቺ የእኔ ናት» አለች። በማግሥቱ ትንሿ ዳቦ ከትልቁ አጠገብ ተቀመጠች፤ ማን ገዝቶ እንደ በላት አናውቅም።

ጌታችን መንግሥተ ሰማያትን ሲመስል፣ አንዲት ሴት ወስዳ በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ውስጥ የሸሸገችውን እርሾ መረጠ (ማቴ. 13፥33)። እርሾው ይሸሸጋል፤ ሊጡም በጭለማ ኩፍ ይላል፤ በማግሥቱ ሰው የሚያየው ዳቦውን ብቻ ነው። ምሳሌውን የተናገረው ጌታ ግን የሴቲቱን እጅ አልዘነጋም። እኛም ለድኻ ብለን ዳቦ በቆረስን ጊዜ ያንን እጅ ለማየት ዓይናችንን ያብራልን፤ ከማንም የወሰድነውን ሳይሆን የራሳችንን የምናቀርብበትን ልብ ይስጠን። አሜን።